ሦስት ስክሪን ለትርሲት ሰርግ

ንፋስ መውጫ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለወንድምጋሼ ለምንተስኖት ወርቁ፣
ካርቱም

የካርቱም ፀሐይ አናትህን ቢያደርቀውም ልብህን እንዳያደርቀው እየለመንኩ፣ ከጉና ብርድ ላይ አንድ እፍኝ ቆንጥሬ ሰላምታዬን ልኬልሃለሁ። እኔ የአክስትህ ልጅ ቻላቸው፣ ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምሬ የጠገብኩት፣ ደህና ነኝ። እናትህ እትዬ ደጊቱም ደህና ናቸው።

የምጽፍልህ ስልክ ጠፍቶ አይደለም። አበባው ሞባይል ገዝቷል፤ ኔትወርክ የሚያገኘው ግን የጊዮርጊስ አጥር ላይ ሲወጣ ነው። እናትህን አጥር ላይ ላወጣቸው ነው? ባለፈው ቴሌ ድረስ ወስጄያቸው ስትደውል እሳቸው አለቀሱ፣ አንተ ዝም አልክ፣ መስመሩ ተቋረጠ። ይኸ ወሬ አይባልም።

ዋናው ነገር፣ ትርሲት ልትዳር ነው። አዎ፣ እህትህ! በልጅነታችን በጥፊ ስታጮለኝ የኖረችው። ሙሽራው የእስቴ ሰው ነው፤ መካነ ኢየሱስ ከተማ የሚያስተምር፣ ቀለመ ወርቅ የሚሉት፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ጨዋ። ምን እንደሚጠብቀው አያውቅም። ሰርጉ ጥር 17 ነው።

እትዬ ደጊቱ እንዲህ በልልኝ ብለዋል፤ ቃላቸውን አልቀነስኩም። «አባቷ የለም። ሙሽራ ከቤት ስትወጣ አባት ከሌላት የምትስመው የታላቅ ወንድሟን ጉልበት ነው። እኔ የወርቁን ወንበር አወጣለሁ። ባዶ ወንበር እንዳታስስማት በለው።»

ጋሽ ወርቁ ሲያርፉ ለምን እንዳልመጣህ ያኔም አልጠየቅሁህም፣ አሁንም አልጠይቅህም። ጥር ግን ና።

አንድ የሚያስቅ ልንገርህ። የምሠራው አሁንም መናኸሪያው ፊት ለፊት፣ አበባው ጽሕፈትና ቪዲዮ ቤት ነው። ባለፈው ሰኞ ኮምፒዩተሩ ላይ ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ ብጫን ስክሪኑ ላይ ያለው ሁሉ ተዘቅዝቆ ቆመ። ቶሎ ብዬ ወጣሁ። አበባው መጣና «ምን ነካው?» አለ። «ቡዳ ይሆናል» አልኩት በመስኮት። ሰውዬው ምን ያድርግ? ያን ድስት የሚያህል ስክሪን አንሥቶ ገለበጠው፣ በጨርቅ ደገፈው፣ የአንድ ገበሬ ማመልከቻ እንዲያው ጽፎ ጨረሰ። እስከ ዛሬ አላቀናሁለትም።

ለሰርጉ ጫማ ላክልኝ። ጥቁር ይሁን። ቁጥሬ አርባ አንድ ነው።

ተንኮሌን ከናፍቆቴ ለይተህ አንብበኝ፣
ቻላቸው


ካርቱም፣ ጥቅምት 29 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቻላቸው፣

የሚካኤል ጥላ ከደጃችሁ አይራቅ። ደብዳቤህ በሹፌሩ በይሁኔ አይሱዙ መተማ ደርሶ፣ ከመተማ አንድ ነጋዴ አምጥቶልኛል። ስለ ትርሲት ደስ ብሎኛል። ቀኑን ሙሉ እየደጋገምኩ አነበብኩት።

መምጣት አልችልም። የመኖሪያ ወረቀቴ በአሠሪዬ እጅ ነው፤ ከወጣሁ መመለሻ የለኝም። ይህን ለእናቴ አትንገራት። ሥራ በዝቶበት ነው በላት።

ወንበሩ ግን ባዶ አይሆንም። እዚህ የምጠግነው ኮምፒዩተር ነው፤ ሌላ ሙያ ባይኖረኝ ይህ አለኝ። ለትርሲት ምርቃቴን በቪዲዮ ቀርጬ በሲዲ ልኬያለሁ። አንድ ቀጭን ስክሪንና ምስል ወደ ስክሪን የሚያወጣ አንድ ግራፊክስ ካርድም አብሮ አለ። ዳስ ውስጥ ያ ሁሉ ሰው አንድ ስክሪን ፊት ሊጋፋ አይችልም። ስለዚህ ሦስት አድርገው፤ አንዱን በወንዶቹ በኩል፣ አንዱን በሴቶቹ በኩል፣ ቀጭኑን በአባቴ ወንበር ላይ፣ ለእናቴ ቅርብ አድርገህ።

የአበባው ኮምፒዩተር አንድ የስክሪን መውጫ አለው። እሱ ከማዘርቦርዱ፣ ከኮምፒዩተሩ ዋና ሰሌዳ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። የላክሁት ካርድ ሁለት መውጫ አለው። የቦርዱና የካርዱ አብረው ሲሠሩ ሦስት ስክሪን ይነዳሉ። የእናቴን በቦርዱ ላይ ሰካው፤ የሌሎቹን በካርዱ።

የአበባውን ስክሪን አቅናለት። ያሳዝናል።

እናቴ ደህና መሆኗን ጽፈሃል። አምኛለሁ።

ወንድምህ ምንተስኖት


ንፋስ መውጫ፣ ኅዳር 14 ቀን 2001 ዓ.ም.

ወንድምጋሼ፣

ከደጃችን እስከ ዓባይ ማዶ የሚደርስ ሰላምታ ይድረስህ! ካርዱ ደረሰ፣ ስክሪኑ ደረሰ። ጫማው አልደረሰም፤ መንገድ ላይ ነው ብዬ ራሴን አጽናንቻለሁ። ይሁኔ ካርዱን እንደ ታቦት በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ነው ያመጣው። ኬላ ላይ «ምንድን ነው?» ሲሉት «የሰው ጉልበት ነው፣ ለሰርግ» አላቸው አሉ።

ኮምፒዩተሩን ከፈትኩት። ውስጡ አንድ ጆንያ አቧራ ነበረ። ካርዱን ሰካሁ፣ የአበባውን ወፍራም ስክሪንና ከጓዳው ያወጣልኝን አሮጌ መንትያውን ካርዱ ላይ፣ ቀጭኑን ቦርዱ ላይ። አበራሁት። ሁለቱ በሩ። ያንተ ቀጭን ግን ጭልም! ቅድም ለብቻው እያለ ይሠራ የነበረው የቦርዱ፣ ካርዱ ከመጣ ወዲህ ቤት ውስጥ እንግዳ እንዳየ ሕፃን ጥግ ይዞ አኮረፈ።

እኔም ቸኩዬ ነበርና ለኅዳር ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ኮምፒዩተሩን ከነስክሪኖቹ ተሸክሜ ጎረቤቱን ሁሉ እናንተ ቤት ሰበሰብኩ። ለሙከራ ነው። ቀጭኑን ስክሪን አባትህ ወንበር ላይ፣ ስፒከሩን ከወንበሩ ሥር አድርጌ፣ እትዬ ደጊቱን ከወንበሩ ፊት ለፊት አስቀመጥኳቸው። ጎረቤታችሁ አዛለች ሽሮ የነካ እጇን እየጠረገች መጣች። ውጭ ጭጋጉ ወርዶ ነበር፤ በሩ ላይ ቆሞ እንደ እንግዳ «ግባ» እስኪሉት የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

ከዚያ አንተ መጣህ። ወንዶቹ ጋ አንድ ምንተስኖት፣ ሴቶቹ ጋ አንድ ምንተስኖት። ከኋላህ ቢጫ ብርሃን ያለው መስኮት። «እህቴ ትርሲት» ስትል ሁሉም ወደ አንተ ዞረ። እናትህ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣምረው፣ ያን ያልበራ ስክሪን ትኩር ብለው እያዩ ፈገግ አሉ።

«አይ ልጄ!» አሉ። «ወፍሯል። ፊቱ ሞልቷል።»

«ኧረ እትዬ!» አልኳቸው። «እሱ እኮ ገና አልበራም። ያወፈሩት ጨለማውን ነው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አዛለች እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እናትህም ሳቁና «አውቄ ነው፣ ላስቃችሁ ብዬ» አሉ። ተንኮሉ ከማን እንደወረደብኝ ገባኝ።

ሰው ሁሉ ሲወጣ እሳቸው ደጃፉን በእጃቸው እየዳሰሱ ወጡ። ብርዱ ነው መሰለኝ።

የቦርዱን እንዴት ልቀስቅሰው? ሰርጉ እየቀረበ ነው።

ያላኮረፈው ወንድምህ ቻላቸው


ካርቱም፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለቻላቸው፣

በያላችሁበት ጤና ሁኑ።

ያልበራው አልተበላሸም። ብዙ ማዘርቦርድ ካርድ ሲሰካበት የተሻለ መጣ ብሎ የራሱን ያጠፋዋል። ማንም አያዘውም፤ ልማዱ ነው። አንተ ተው ልትለው ይገባል። ኮምፒዩተሩ ገና ሲነሣ ዴል የሚለውን ቁልፍ ደጋግመህ ተጫን። ሰማያዊ ገጽ ይመጣል። እዚያ የቦርዱ ግራፊክስ ሁልጊዜ እንዲሠራ አድርግ፤ ቀድሞ የሚነሣው ካርዱ ይሁን። ሴቭ አድርገህ ውጣ። ዊንዶውስ ሲከፈት ሦስተኛውን ስክሪን ታገኘዋለህ። ዴስክቶፑን ወደ እሱ ዘርጋው።

ሁለት ነገር ልብ በል። ካርዱ የራሱን ሜሞሪ ይዞ የመጣ ነው። የቦርዱ ግን የራሱ የለውም፤ ከቤቱ ቆንጥሮ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ሌላ ፕሮግራም ከፍተህ አታጨናንቀው። ደግሞ በካርዱ ያለውን ምስል ቦርዱ ላይ ደግመህ ማሳየት አትችልም፤ ለቦርዱ ስክሪን ማጫወቻውን ለብቻው ክፈትለት። ትንሽ ወደኋላ ሊቀር ይችላል። ግድ የለም።

አሁን አንድ ጥያቄ። እናቴ ያልበራውን ስታይ የሴቶቹ ስክሪን ከጎኗ በርቶ ነበር። ለምን ወደዚያ አልዞረችም?

ይህን ብቻ መልስልኝ። አትቀልድ።

ምንተስኖት


ንፋስ መውጫ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2001 ዓ.ም.

ወንድምጋሼ፣

እግዜር እጅህን ይባርከው፤ ሠራ! ሰማያዊው ገጽ ሲመጣ አበባው «ይኸ የሰይጣን ጓዳ ነው፣ ምንም ሳትነካ ውጣ» አለኝ። ነካሁ። ያልከውን አደረግሁ። ቀጭኑ ስክሪን መጀመሪያ ግራጫ ሆነ፣ ከዚያ ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው ቀስ ብሎ ዓይኑን ገለጠ። ሦስቱም በሩ፣ ወንድምጋሼ። የቤቱ ግድግዳ ሦስት መስኮት ያወጣ መሰለ፤ ሁሉም ወደ ካርቱም የሚከፈት።

ከዚያ ምን እንዳደረግሁ ታውቃለህ? ፊትህን በማውሱ ያዝኩና ከወንዶቹ ስክሪን ወደ ሴቶቹ ጎተትኩህ። ጠርዙ ላይ ስትደርስ ግማሽህ እዚህ፣ ግማሽህ እዚያ ሆንክ። መሀል ላይ አንድ ክንድ የምታህል የጭቃ ግድግዳ አለች። እዚያች ላይ የለህም። ደጋግሜ አሻገርኩህ፤ ደጋግመህ እዚያች ላይ ጠፋህ። መተማ ትሆን? በረሃው ይሆን? ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ሳሻግርህ ዋልኩ።

የቦርዱ እንዳልከው ይዘገያል። ሁለቱ ምንተስኖቶች «እህቴ» ብለው ሲጨርሱ ሦስተኛው ገና አፉን ይከፍታል። ቄስ ሲሉ ሕዝብ እንደሚቀበለው ነው። ድምፁም ገደል ገብቶ የሚመለስ ይመስላል። ባስተካክለው ይሻላል ስል እትዬ ደጊቱ «ተወው፣ ደስ ይላል» አሉኝ።

እንግዲህ አትቀልድ ስላልከኝ የሚከተለው በእጄ የተጻፈ አይደለም። ምክንያቱን ከታች ታየዋለህ።

(በኮምፒዩተር የተጻፈ)

አክስቴን ወንበሩ ፊት ለፊት አስቀመጥኳቸው። ስክሪኑ በርቷል። አንተ እያወራህ ነው። ድምፁን ግን አውቄ ዘግቼው ነበር። ብርሃንህ ፊታቸው ላይ ይርገበገባል። ዝም ብለው ጠበቁ። ቆይተው «መቼ ነው የምትከፍተው፣ ቻላቸው?» አሉኝ።

ከተንኮሎቼ ሁሉ ያላሳቀኝ ይኸ ብቻ ነው።

«እትዬ፣ አያዩም እንዴ?» አልኳቸው። «የዓይን ሞራ ነው። ከክረምት ጀምሮ ነው የባሰብኝ። ቀን ከሌት እለያለሁ፤ ሰው አልለይም» አሉ። «ሐኪም ቤት ልውሰድዎ» ብላቸው «ከሰርጉ በፊት ዳር ዳር አትበል፣ ልጅቷን ሐሳብ ላይ ልትጥላት ነው» ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ ጆሮዬን ይዘው፣ ሕፃን እንደሆንኩ ሁሉ፣ «ለምንተስኖት ብትጽፍለት ሚካኤልን!» ብለው አስማሉኝ።

ማልኩ። እኔ አልጻፍኩልህም። ይኸን የጻፈው አበባው ነው፤ እኔ አጠገቡ ቆሜ ለራሴ ሳወራ ሰምቶ። ስክሪኑን ስላቀናሁለት ውለታ አለብኝ ብሏል።

(እዚህ ላይ አበባው ጨረሰ)

ስለዚህ ሦስተኛው ስክሪን ቢበራም ባይበራም ለእናትህ ያው ነው። ጫማውን ተወው። እግርህን ይዘህ ና።

ቻላቸው


ንፋስ መውጫ፣ ጥር 3 ቀን 2001 ዓ.ም.

ወንድምጋሼ፣

ይኸ ወረቀት ዝምታህን አንኳኩቶ ይግባ።

ይሁኔ መተማ ደርሶ ባዶ እጁን ተመለሰ። እንደገና ሄዶ እንደገና ባዶ እጁን ተመለሰ። እትዬ ደጊቱ የመኪና ድምፅ በሰሙ ቁጥር ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። መኪናው ሲያልፍ መልሰው ያላሉታል።

የዳሱ እንጨት ተተክሏል። ሣርና ቅጠሉ ለጥምቀት ማግሥት ነው የሚመጣው። ትናንት ቀጭኑን ስክሪን አባትህ ወንበር ላይ አድርገን ለካን። ትርሲት ተንበርክካ ሞከረችው። ግንባሯ የሚደርሰው ገመዱ ላይ ሆነ።

«የማንን ጉልበት ነው የምስመው?» አለች። «የገመዱን?»

ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም። ሙሽራ አይደለችም? ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈችና ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ገመዱን ከወንበሩ ኋላ ደበቅሁት።

እናትህ ከመደቡ ላይ ሆነው «አብራው ብቻ። ድምፁ ይበቃኛል» አሉ።

የአንተ፣
ቻላቸው


መተማ፣ ጥር 11 ቀን 2001 ዓ.ም.

ቻላቸው፣

ጥምቀት በመንገድ ላይ ያዘኝ። ታቦቱን እዚህ ተሳለምኩ።

ወረቀቱን ለአሠሪዬ ትቼለት ወጣሁ። ዳግም መመለስ እንደማልችል ነግሮኛል። ሰምቼዋለሁ። ኬላው ላይ ለአንድ ሁለት ቀን የሚያጣሩት ነገር አለና ይሁኔ ይህን ይዞ ቀድሞኝ ይድረስ።

ለእናቴ ምንም አትንገራት።

ስክሪኑን ከወንበሩ ላይ አንሣው።

ምንተስኖት


ንፋስ መውጫ፣ የካቲት 4 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለወንድምጋሼ ለምንተስኖት፣
ጎንደር፣ ዓይን ሐኪም ቤት፣ ከእናትህ አልጋ አጠገብ

ዘንድሮ እኮ ሰላምታዬ ድንበር ሳይሻገር የሚደርስበት ዓመት ሆነ! ኬላ የለ፣ ማጣራት የለ። እንደምን ሰነበታችሁ? እትዬን አገላብጠህ ሳምልን ብለው አዛለች፣ አበባው፣ ጭጋጉም ሳይቀር ልከውኛል። ትርሲት ከመካነ ኢየሱስ ለመልሱ መጥታ ነበር፤ ቀለመ ወርቅ ከስቷል። አስጠንቅቄው ነበር።

አንተ አቀርቅረህ ስለነበር ያላየኸውን ልንገርህ።

ሙሽራዋ ልትወጣ ስትል ወንበሩ ላይ ተቀመጥክ። ሰው ሁሉ ቆመ። ትርሲት ተንበርክካ ጉልበትህን ያዘች፣ ሳመች፣ ምርቃት ጠበቀች። አንተ አፍህን ከፈትክ። ምንም አልወጣም። እንደገና ከፈትክ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እናትህ ከጎንህ ጆሯቸውን አዘንብለው ይጠብቃሉ። የሰው ልጅ ካርቱም ድረስ ሄዶ ድምፁን እዚያ ረስቶ ይመጣል?

ስክሪኑን ከወንበሩ አንሣ ብለኸኝ አንሥቻለሁ። ከጎንህ አቆምኩት እንጂ አጥፋው አላልከኝም። እኔ ደግሞ ያልተባልኩትን አላደርግም! ስለዚህ እጄን ሰደድኩና አጫወትኩት።

ወንዶቹ ጋ ያለው ምንተስኖት «እህቴ ትርሲት» አለ። ሴቶቹ ጋ ያለውም አብሮት አለ። አዛለች «ወይኔ እመቤቴ፣ ሦስት ሆነ!» ብላ ጮኸች። የቦርዱ ሲጨመርበት አራት ሆናችሁ፤ ከአራታችሁ ምንም የማይለው ወንበሩ ላይ ያለው ብቻ ነበረ። ሁለቱ «ቤትሽ ይሙላ» ሲሉ የቦርዱ አንድ ትንፋሽ ዘግይቶ «ቤትሽ ይሙላ» ይላል። «መሶብሽ አይጉደል» ሲሉ፣ «መሶብሽ አይጉደል»። ከዚያ ሁለቱ «አባታችን ከላይ ይይሽ» ብለው ዝም አሉ። ያኔ ነው፣ የዘገየው ገና አፉን ሲከፍት፣ አንተም አብረኸው «አባታችን ከላይ ይይሽ» ያልከው። በራስህ ድምፅ። ዳሱ በሙሉ «አሜን» አለ።

ያኔ እናትህ እጃቸውን ወደ ስክሪኑ አልዘረጉም። ወደ አንተ ዘረጉ። ከአራቱ የትኛው እንደሆንክ ማንም ሳይነግራቸው።

ይኸን ለማንም አልናገርም። ሚካኤልን! አበባው ካልጻፈው በቀር።

የሰርጉ ቪዲዮ ተቀናብሯል። ስትመለሱ በሦስቱም ስክሪን አሳያለሁ። ቀጭኑ የእትዬ ነው፤ ድምፁን አልዘጋም። ፋሻው ሲፈታ ግን መጀመሪያ የሚያዩት የእኔን ፊት እንዳይሆን ብዬ ነው አብሬ ያልመጣሁት። ይደነግጣሉ።

ደግሞ አንድ ክርክር አለብን። ኅዳር ላይ ጨለማውን አይተው «ወፍሯል» ብለው ነበር። አሁን በደንብ ያዩህና ይፍረዱ። ምን እንዳሉ ጻፍልኝ።

አዲሱን ጫማዬን አድርጌ የጻፍኩልህ፣
ቻላቸው


ጎንደር፣ የካቲት 9 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቻላቸው፣

ለአንተ የሚሆን ምርቃት እየፈለግሁ ነው፤ እስካገኘው በዚህች ቆየኝ።

ዛሬ ጠዋት የአንዱን ዓይኗን ፋሻ ፈቱላት። እንባዋ ወረደ። መጀመሪያ መስኮቱን አየች። ቀጥላ የገዛ እጇን አገላብጣ አየች። እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። አገጬን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችኝ። ብዙ አየችኝ።

«ከስተሃል» አለች።

ምንተስኖት